መስቀለኛ ውሃ

መንገድ የሌለበት መንገድ ተካሰሰ፣
ውሃ በመሃላ፣ በውል ተቆረሰ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ቀለም ነው እንጀራዬ፣
ጣና ላይ ረጠበ፣ ያን ዓመት ሥራዬ።

የፋና ጀልባዎች ከባሕር ዳር ወደብ
ወደ ጎርጎራ ነው፣ ሽቅብ፣ ቀጥ ባለ ሐሳብ።
የወለላዎቹ ከዘጌ ተነሥተው፣
ቡናና ሎሚውን ለቆራጣ ሊያደርሱ፣ ምሥራቅን አቅንተው።
እንግዲህ ሁለት መስመር፤ አንዱ ቁም፣ አንዱ አግድም፤
ወረቀት ላይ ሲታይ የሚያጣላ አይደለም።
ብቻ አንዲት ነጥብ አለች፣ የትንኝ ዐይን የምታክል፤
«እሷ የኛ ናት» አሉ ፋናዎች፣ «በፊርማና በውል።
ቀድመን የሄድንባት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፤
የሚያቋርጥ በየጆንያው ይክፈል፣ ካልሆነም ይቁም» ባሉ
ጊዜ፣ ግራዝማች ይትባረክ፣ የወለላው ጌታ፣
ሳቁ፤ ጢማቸውን ይዘው፣ ለአንዳፍታ፦
«ቀደምሁ የሚል ሰው የቀደመበትን ያሳየኝ በዱካ፤
ነገ ደግሞ ነፋሱን ሊያስከፍለን ነው እንዴ፣ በሜትር እየለካ!»

ዳኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ ከደጋ የመጡ፤
ዋና አያውቁም፤ «ቦታው ይታይ» ብለው ትእዛዝ ሲሰጡ፣
የገዛ ቃላቸው ራሳቸውን ጀልባ ላይ አወጣ።
መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ ተከተልሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ።
ደረስን። «የት ነው?» ቢሉ፣ የፋናው ካፒቴን ወደ ቀኝ ጠቆመ፤
የወለላው ወደ ግራ። ዳኛው መሃል ቀሩ፤ ሞተሩም ቆመ።
ዙሪያችን ውሃ ብቻ፤ ሰፊ፣ አመድማ፣ ዝም ያለ፤
አንድ ጉማሬ ብቅ ብሎ እንደ ተጠራ ምስክር አየንና፣ ሳይምል ኮበለለ።
በመጨረሻ በርሜል ጣሉ፣ በወፍጮ ድንጋይ አስረው፤
«መስቀለኛው ይህ ነው» ብዬ ጻፍሁ፣ ዳኛው «ጻፍ» ቢሉኝ አምርረው።
በማግስቱ በርሜሉ የለም።
(በኋላ ሽምብጥ፣ ጠላ ተጠምቆበት አይቼዋለሁ።
አልጻፍሁትም፤ የጠየቀኝ የለም።)

ጦርነቱ ከዚያ ወዲያ ነው።
ፋና አሮጌ ጀልባ ጎትቶ መሃሉ ላይ ተከለ፤
ወለላም ሌላ አምጥቶ አፍንጫ ለአፍንጫ ተካከለ።
ዞሮ ማለፍ ይቻል ነበር! ሐይቁ ሰማይ ያክላል፤
ግን «የዞረ ተረታ» ተብሎ ሁሉም እዚያው ይውላል።
ሎሚው ጆንያው ውስጥ ሻገተ፤ አንድ ሙሽራ፣ ቆራጣ ማዶ፣
ሚዜዎቹን ሲጠብቅ ሦስት ሌሊት አደረ፣ ፍሪዳው ታርዶ።
በሁለቱ ጀልባ መሃል፣ ሦስት ክንድ በማትሞላ ስንጥቅ፣
አንድ የደንገል ታንኳ አለፈ፣ እንጨት ጭኖ፣ ምንም ሳይጠይቅ።
ቀዛፊው ቀና እንኳ አላለም።
ይህንንም አልጻፍሁም።

ዘበኞች ነበሩ፤ ከፋና ሻረው፣ ከወለላ ቢያድግልኝ፤
መጀመሪያ ተሰዳደቡ። በአምስተኛው ቀን፦ «ጨው አለህ?» «አለኝ።»
ከዚያ ቆሮሶ አብረው ሲጠብሱ፣ ጭሱን ያየ ጠበቃ
«ጀልባችንን አቃጠሉ» ብሎ ከሰሰ፤ ያም ክስ ገና አላበቃ።

ከዚያ አውራ ጎዳናው መጣ። በደረቁ። በጎን።
ኤንትሬ ቡናውን ጫነ፣ ሎሚውንም፤ ጣናን ያስታወሰ የለም በዚያ ሰሞን።
ፋና ፈረሰ። ወለላ ተሸጠ፤ ብረቱ ለምስማር፣ ላሜራው ለቤት ክዳን።
ዳኛው ተዛወሩ። መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው፤
«ለሚቀጥለው ቀጠሮ» ይላል። ቀኑ ባዶ ነው።

ባለፈው፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ወደቡ ዳር ስቆም፣
ቢያድግልኝን መረብ ሲጠግን አገኘሁት፤ አርጅቷል፤ ሰላም እንኳ አላለኝም።
«የስንብት ደብዳቤ አልደረሰኝም» አለ፤ «ዛሬም ዘበኛ ነኝ፤
ጧት ጧት እሄዳለሁ፤ ሻረው ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነኝ።»
ከዚያ ወስፌውን አቁሞ፣ ዐይኑን ከመረቡ ሳያነሣ፦
«ጸሐፊ፣ ፍርዱ ወጣ ወይ?»

«ገና ነው» አልሁት።
ደስ አለው መሰለኝ።