አቤት

ሳስካቱን፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ የሆስፒታሉ ምድር ቤት።
ውጭ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፣ እዚህ የእንፋሎት ሙቀት።
አንሶላ አጥባለሁ፦
ደም የነካው፣ አዮዲን የነካው፣ ሽንት ያመለጠበት፣
አንዳንዱም ምንም ያልነካው፣ ሰው ብቻ ያለቀሰበት።
ሁሉንም ሳይመርጥ ይውጣል የሦስተኛው ማሽን አፍ፤
ነጭ አድርጎ ይተፋልኛል፤ የእኔ ድርሻ ማጠፍ፣ ማጠፍ።

ባጄ ላይ «እማ» ይላል።
እማዋይሽ ረዝሞባቸው ከወገቡ ቆረጡት።
ከሥሩ ሌላ ስም አለኝ፣ በሰማንያ ቀኔ የሰጡኝ፣
ውኃው ሲያስለቅሰኝ፦ ወለተ ኪዳን።
የውል ልጅ። የቃል ልጅ።
በዓመት አንዴ ቢጠሩኝ ነው፣ ከእርፈ መስቀሉ ፊት ስቆም፤
ከዚያማ እንደ ክት ልብስ፣ ታጥፎ፣ ለሌላ ዓመት ሲከርም።

«ተጠርታችኋል» ይላሉ አባ ጽጌ፣ እሁድ፣ በኪራይ አዳራሻችን፤
«የንጉሥ ወገን ናችሁ፤ ጉዳይ አለው ከእያንዳንዳችን።»
እኔ ከኋላ ወንበር፣ ከፈረቃ የመጣሁ፣
በእንቅልፍና በአሜን መካከል ተንጠልጥዬ የቀረሁ፣
እንዲህ አልኩት በሆዴ፦
ንጉሥ ከሆነ ዘመዴ፣
ምነው የሰው ትራስ ልብስ ብቻ ሆነሳ ግዴ?

የዚያን ሌሊት ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፤
ጎረቤት ቤት የተረሳ ማንቆርቆሪያ የሚያፏጨው ዓይነት።
ወደ ኔስቶር ሄድኩ። ኃላፊዬ ነው፤ ሽማግሌ፣ የማኒላ ሰው፣
ዓይኑን ሞራ የጋረደው፣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የሚያዳፋው።
«አቤት፣ ጠራኸኝ?»
«አልጠራሁሽም። ተመለሺ።»
ሁለተኛ ተሰማኝ፤ ሄድኩ። «አልጠራሁሽም አልኩሽ እኮ!»
ሦስተኛ ስሄድ አንድ ዓይኑን ገለጠ፤
«እንግዲያው ማሽኑን አጥፊና፣ ቆመሽ አድምጪ» አለኝ።
ይህቺን ታሪክ አውቃታለሁ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ፤
መቅደስ የለ፣ መብራት የለ፣ እኔም ብላቴና አልነበርኩ።

አጠፋሁት።
ፉጨቱ ከቆሻሻው ክምር ነው፣
«አራተኛ ፎቅ፣ ምሥራቅ» ከሚል ከረጢት።
ጓንት አጠለቅኩና በረበርኩ፤ ከትራስ ልብስ እጥፋት
ባቄላ የምታህል የጆሮ መስሚያ ወጣች፣
መዳፌ ላይ እንደ ጫጩት እየጮኸች።

ሚስተር ዱቢክ ይባላል። «ሁለት ቀን ዝም ብሏል» አለች ነርሷ፤
«አእምሮው የሄደ መስሎን ነበር።»
በአልኮል ጠረግኳት፣ ጆሮው ውስጥ አኖርኳት።
ኤፍታህ አላልኩም፤ የዚያን ቃል ማዕረግ ማን ሰጠኝ?
«ኦኬ?» ነው ያልኩት።
አንገቱን አዘነበለ። የማሞቂያውን እስትንፋስ ሰማ፣
የራሱን ሳል ሰማ፣ ኮሪደር ላይ የሚሄድ ጫማ።
«ስጣራ ነበር» አለኝ፤ «ሌሊቱን ሙሉ ስጣራ።
ሰው ቢመልስልኝስ በምን ልስማው?»
ከዚያ ትክ ብሎ አየኝ። «አንቺ ማነሽ?»

ስሞቼ ሁሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጡ፤
አጭሩም፣ ረጅሙም፣ ያ የክቱም።
«ከታች ነኝ» አልኩት፤ «ከልብስ ማጠቢያው።»
እጄን ይዞ ቆየ። ጓንቱን ሳላወልቅ ረስቼው ነበር፤
በጎማው በኩልም ሙቀቱ መጣ።

አሳንሰሩ ቀስ እያለ ሲወርድ አንድ ነገር አሰብኩ፦
አቤት ሰው ለጠራው ነው፤
አቤቱ ሰው ሲጣራ ነው፤
ከት እስከ ቱ ያለችው ርቀት አንዲት ጭረት ናት፣
እኔ ግን ዕድሜ ልኬን አልተሻገርኳትም።
ወይም ተሻግሬአት ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ፣
ክንዴ ላይ አንሶላ ተሸክሜ።

«እማ!» ጮኸ ኔስቶር፤ በዚህ ጊዜስ እሱ ራሱ ነው፤
«ሦስተኛው ማሽን ቆሞ ሊያድር ነው?»
አቤት፣
አልኩ።
መጣሁ።