የሞቀ ኮፈን

«እስክመጣ ድረስ ሞተሩ እንዳይነሣ» ብያት ነበር ማታ፤
ኢሶቤል በስልኩ «እሺ» አለች፣ ጥቂት አመንትታ።
ጠዋት በጭጋጉ ወደ ፍሬዘርበርግ ስንነዳ
ሩዋሪ አፉ አያርፍም፣ ሙሽራ ሊያይ እንደቸኮለ እንግዳ፦
«አረንጓዴ ናት! ጣሪያዋ ይታጠፋል! መብራቷ እንደ ዐይን ይገለጣል!»
ፍቅር የያዘው ገዢ ምን ዋጋ ይከራከራል?
እኔን ያስከተለኝ ለዚህ ነው። አርባ ዓመት የዓሣ ጀልባ ሞተር ያከምኩ ሰው ነኝ፤
ጨው ብረትን እንዴት እንደሚበላ ሌላ ሰው አይነግረኝ።

መኪናዋ ደጅ ቆማለች፣ በጨርቅ ተወልውላ፣
ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ልትዘል ያደባች ድመት መስላ።
ልጁ ወደ መሪው ሲሮጥ መዳፌን ኮፈኑ ላይ አኖርኩ፤
ሙቅ ነው።
ዝም አልኩ።

የሞቀ ሞተር አንደበቱ የተባ ውሸታም ነው፤ የጠዋት ሳሉን ይውጣል፣
ጭሱን ይደብቃል፣ የቫልቩን ጠቅጠቅታ በዘይት ያባብላል።
«አሙቃ ጠበቀችን» አልኩ በሆዴ፤ «ታውቅበታለች!»
እሷ ግን ደፉ ላይ ቆማ፣ ሰማያዊ የወንድ ካፖርት ደርባ፣ ባሕሩን ታያለች።

ላይዋ ሐር ነው። ውስጧን ለቄስ እንዳልል
የዛሬው ቄስ እኔ ነኝ፤ በጀርባዬ ተንፏቅቄ ገባሁ፣ ኑዛዜ ልቀበል።
ሌሊቱን ዘንቧል፤ ከሥሯ ያለው አስፋልት ግን ደረቅ ነው፣ አቧራም አለው፤
ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ አለፍኩት ንቄው።

ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ከበሩ በታች አስጠጋሁ፤
ያዘ፣ ያዘ፣ የኋላ ጎማው ጋ ሲደርስ ወደቀ። ብረት ፈልጌ ስቱኮ አገኘሁ።
በካቻቢቴ እጀታ ሲመቱት እንደ ቅል ዱብ ዱብ ይላል፤
ከቀለሙ ሥር ዝገቱ፣ እንደ ምስጥ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይበላል።
የጣሪያው ውኃ መውረጃ ተደፍኗል፤ ሽቦ ብሰድበት
የጥድ ቅጠል፣ አሸዋ፣ አንድ ሰማያዊ አዝራር ወጣበት።
ኪሴ ከተትኩት።

ፍሬኑ ይይዛል። ፍሪሲዮኑ ትንሽ ይንሸራተታል።
ግራው መብራት፣ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው፣ ዘግይቶ ይገለጣል።
የሹፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤
ሩዋሪ፣ ፔዳል ፍለጋ፣ አየር ይረግጣል።

«ለምን አሞቅሻት?» አልኳት። ቁጣዬን አልሸሸግኩም።
«መንዳት» አለች «አልችልም።
እሑድ እሑድ ግሬጎር ያስነሣት ነበር፤ እኔ ዞሬ በግራ በኩል እገባለሁ።
ዛሬም አስነሣኋትና ዞሬ ገባሁ።
የትም አልሄድንም። ማሞቂያው እግሬን እስኪነካው ድረስ ነው።»

ያ ደረቅ አስፋልት ትዝ አለኝ።
ካቻቢቴውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩት፣ ማስቀመጫ ያጣሁ ይመስል።

ቢሆንም ቀዝቃዛ ሞተር ሳይሰሙ መኪና አይገዛም። ሁለት ሰዓት ጠበቅን፣
ወጥ ቤቷ ውስጥ የገብስ ሾርባ እየጠጣን።
ስትነሣ ጠቅ ጠቅ አለች፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ አደብ ገዛች።
«ያ ስቱኮ...» ብዬ ስጀምር፣ «ግሬጎር ነው የደፈነው» አለች፣
«አንተ በተኛህበት ተኝቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲያስል።
ስምንት መቶ ፓውንድ ልቀንስ?»
እኔ ስድስት ልጠይቅ ነበር ያሰብኩት።
ዝም አልኩ።

ሩዋሪ ቁልፉን ተቀብሎ ገባ። እጁን ከወንበሩ ሥር ሰዶ
ማንሻውን ሲስብ፣ ሐዲዱ ሲጢጥ ብሎ ጮኸ፣ ወንበሩም ከኖረበት ተላቆ
ወደ ፊት መጣ።
ኢሶቤል ሰማችው። ጣቶቿ የካፖርቱ ደረት ላይ
አዝራር ያጣውን ክር ይፈትሉ ነበር።

በራሴ መኪና ተከተልኩት። ከድልድዩ ወዲያ መሐረብ ፍለጋ
እጄን ኪሴ ስሰድ አገኘሁት፤ አራት ቀዳዳ፣ አሸዋው ገና አልለቀቀውም።
መመለሻ መንገድ ነበረ።
ልጁ ግን ከፊቴ እየራቀ ነበር፣
በዚያ ብርድ ጣሪያውን አጥፎ።