መቶ ሃምሳ

እቁቡ ወጣልኝ በስምንተኛው ዕጣ፤
አዘዞ ወረድኩኝ ክሮሷን ላመጣ።
ቢምረው ጋራዥ ውስጥ ሸራ ተሸፍና፣
ፓራፋንጎዋን በሽቦ ተጠግና፣
ቆማ ጠበቀችኝ።
"አንድ ሰው ነው የነዳት፣ ዳገት አታውቅም" አለኝ፤
ጎንደር ተቀምጣ! ሳቄ አመለጠኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሞዴል ስከታተል፣
ማታ ስልኬ ላይ አጎንብሼ
"መቶ አስር፣ መቶ ሃያ አምስት፣ መቶ ሃምሳ" ስል፣
አባቴ መሪጌታ ከመደቡ ሆኖ
"ተመስገን፤ ልጄ ዳዊቱን ጀመረ"
ይል ነበረ።
አላረምኩትም።
መቶ ሃምሳ ያው መቶ ሃምሳ ነው፤
እሱ በመዝሙር፣ እኔ በሲሲ ስንቆጥረው።

ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቁስቋም፣
አቀበቱን ስወጣው እግሬ መሬት አይደርስም፤
(ቁመቷ ለኔ አይደለም፤ ይሁን።)
ባጃጆች ጥግ ያዙ፣ ልጆች ተከተሉኝ፣
"ዝለል! ዝለል በላት!" እያሉ ጮሁብኝ።

አባቴ በር ላይ ጋቢውን ሰብስቦ
ሁለቴ ዞራት፤ አያት ቀርቦ፤
ጎማዋን በመቋሚያው መታ መታ አደረገና
"እኔስ የት ልቀመጥ?" አለ።

ዝም አልኩ።
የነዳጇን ሊትር፣ የሰንሰለቷን ቁጥር ስሸመድድ
አልፌው ኖሯል፦ "ወንበር፣ አንድ።"

ዛሬም ማታ ስልኬ ላይ ነኝ።
ለሁለት የምትበቃ አዲስ ወጥታለች አሉ።
ከመደቡ ድምፁ መጣ፦ "ልጄ፣ ስንት ደረስክ?"
"መቶ ስድሳ" አልኩት።
ሳቀ፤ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ፦
"ዳዊት እንኳን እዚያ አልደረሰ።"