ተራ ቁጥር አርባ አንድ

ዘጠነኛ ቀኑ፣ ደመናው አልሄደም፤
ወንዙም ከባሕሩ ጋር መኖር አልለመደም።
በኮኪልማሪ ደሴት፣ ከጭቃው ግድብ ሥር፣
አርባ አንድ ደጃፍ አለ ከአንድ ባትሪ የሚያድር።

ማን በርቶ እንደሚያመሽ፣ ማን ቀድሞ እንደሚጠፋ
የደረደርኩት እኔ ነኝ፤
ኮልካታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ማራገቢያ ሥር፣
ሻዬ እየቀዘቀዘ።
አንደኛ፦ የክሊኒኩ ማቀዝቀዣ፣ የእባብ መርዝ ማርከሻው ያለበት።
ሁለተኛ፦ ጨው የሌለበት ውሃ ፓምፕ።
ሦስተኛ፦ የዓሣ በረዶ ቤት።
እንዲያ እያልኩ ወረድኩ፣ እስከ መጨረሻው፦
ማሌካ ቢቢ፣ የስፌት መኪና፣ ዘጠኝ ዋት።
ከጎኑም፦ «ቢጠፋ ጉዳት የለውም።»

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚሉኝ እንዲህ እላለሁ፦
ዓይነ ስውር ተራራ ሲወጣ አስቡ።
አንድ እግር ያስቀድማል፤
መሬቱ ከፍ ካለ ይከተላል፣ ዝቅ ካለ ይመለሳል።
መቆጣጠሪያውም ቮልቴጁን ነካ፣ ኃይሉን ለካ፣
ደግሞ ነካ፣ ደግሞ ለካ፣
የፀሐይዋን ጫፍ ሲዳብስ ይውላል።
ግን ደመና ግማሹን ሰሌዳ ሲሸፍን
ተራራው ሁለት ይሆናል፤
ትንሿ ጉብታ ላይ ቆሞ «ደረስኩ» ይላል፣
ትልቁ ከኋላው።
ይህን ስህተት ለማረም አራት ዓመት ፈጀሁ።
ጉባኤ ላይ አጨበጨቡልኝ፣
ጉብታዬ ላይ ቆሜ።

ያን ሌሊት ባትሪው አሥራ ስምንት በመቶ ገባ።
ቀመሩ አልተሳሳተም፤ ከታች ጀመረ።
አርባ አንድ ጠፋ።
ነገ ትሰፋዋለች፣ ብዬ ተኛሁ።

አላወቅኩም፣
አምፖሉ ከቀርከሃ ጫፍ ላይ፣ ወንዙ ዳር እንደሚንጠለጠል፣
የሸርጣን አጥማጆች ጀልባ
ከደለሉ ሸሽቶ መግቢያውን የሚለየው በእሱ እንደሆነ።
ጎበርዳን ናስካርና ሁለት ልጆቹ
ደለል ላይ ተቀርቅረው አደሩ፤
የነብሩን ዳርቻ እያዳመጡ፣
ሳፋ እየደበደቡ፣
እስኪነጋ፣ ማዕበሉ ሞልቶ እስኪያነሳቸው።

ማሌካ አልጮኸችብኝም።
ክሩን በምራቋ አሹላ መርፌው ውስጥ ከተተችና
«መኪናዬን የማዞረው በእግሬ ነው፣ ልጄ» አለች።
«ካንቺ የወሰድኩት አንድ አምፖል ነው።»

ዘጠኝ ዋት የስፌት መኪና እንደማያዞር
የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል።

ባትሪው ቤት ውስጥ ሦስት ኢንቨርተሮች አሉ፤
የሚነጋገሩበት ሽቦ የላቸውም።
ሸክም የከበደው ምቱን ጥቂት ያዘገያል፤
ሁለቱ ያንን ሰምተው ትከሻ ያቀርባሉ።
ይህን ለብረት ያስተማርኩ እኔው ነኝ።
ከዚያች ሴት ደጃፍ አሥር ጊዜ ሳልፍ
ምን ዘግይቶ ነበር፣ ያልሰማሁት?

አርባ አንድን ሁለተኛ አደረግኩ።
ፓምፑ ሦስተኛ ሆነ፣ በረዶ ቤቱ አራተኛ፤
የበረዶ ቤቱ ሐሩን ከወዲሁ አኩርፎኛል።
እውነቱን ነው።
ላፕቶፔን ዘግቼ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣
ደብተር በብብቴ፣ ግድቡን ይዤ ሄድኩ፤
ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ።
አንድ እግር። ቆም። አንድ እግር።
ዝናቡ ቀጥሏል።
የአርባን በር አንኳኳሁ።