ይደር

የጽሕፈት ቤቱን ኢሜይል ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሳጓጉዝ፣
መሐል ሜዳ፣ ኅዳር፣ ውርጩ መስኮቱን ሲያደነግዝ፣
አሥራ አራት ሺህ የሸኘሁት ሠላሳ ሺህ ሆኖ ገባ።
ለካ አንዷ ደብዳቤ በሦስት መለያ ስትጠራ ኖራ፣
አዲሱ ቤት መለያ አያውቅ፣ ማኅደር ብቻ ነው ቋንቋው፣
ለየስሟ አንዳንድ ቅጂ አርብቶ አስቀመጣት።
አንብቤ የዘጋሁትም ሁሉ ያልተነበበ ሆኖ
ጠቁሮ አፈጠጠብኝ።

የሙሉሸዋ ደስታ አቤቱታ፣ የቦኖው ውሃ ጉዳይ፣
ልጇ በስልክ የጻፈችላት፣
አንዱ «ቦኖ» ላይ፣ አንዱ «ቅሬታ» ላይ፣ አንዱ «ይደር» ላይ።
«ይደር» ያልኩት እኔ ነኝ። አምና።
እንዳደረ አለ።

ሥራው ትርፉን መንቀል ነው፣ እንደ ገብስ አረም ለይቶ፤
ግን ሁሉም ገብስ ነው፤ ቀኑ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ቃሉ አንድ።
የ«ቦኖ»ውን አጠፋሁ፤ የ«ቅሬታ»ውንም ሻርኩ፤
«ይደር» ላይ ስደርስ ግን ጣቴን መልሼ ሰበሰብኩ።
ሦስት ጊዜ ደጅ ጠናችኝ፣ ከደጇ ሳትወጣ።

ውጭ ባዶ ጀሪካን ከአህያ ጎን ይንኳኳል።
«መልስ» የሚለውን ተጫንኩ።
«ይድረስ ለወይዘሮ ሙሉሸዋ» ብዬ
ነጠላ ሰረዝ ሳላደርግ
መብራት ሄደ።

እስክሪብቶ ፈለግሁ።