አንድ ክንድ ወደ ፊት

በቹቡት ሜዳ ላይ ነፋስ እንግዳ አይደለም፤
ባለቤት ነው እሱ፣ በር አያንኳኳም።
ከተራራው ወርዶ እስከ ባሕሩ ጥግ
ያልታሰረ ነገር ሲያስስ፣ ሲፈልግ።

ያን ለት በማለዳ፣ በአክስቴ በኔሊዳ ግቢ፣
ትንሿን ኤክስካቫተር ጫንኳት በተሳቢ፤
ሁለት ቶን ብረት ናት፣ ቢጫዋ የተላጠ፣
ከሥሯ ያለው ጎማ ከክብደት ያበጠ።
ወደ ኋላ አቆምኳት፣ ከካቢናው ራቅ፣
መስታወት እንዳትነካ፣ ቀለም እንዳትፍቅ።

አክስቴ ዞር ዞር አለች፣ ጓንቷን እያጠለቀች፣
ጎንበስ ብላ መንጠቆው ላይ በመዳፏ ተጫነች።
"ኤምሊን፣ ጅራቱ ከብዷል፣ ምላሱ ቀሏል" አለች።
"ምላሱ የቀለለ ሰው ጎረቤት ያጋጫል፤
ምላሱ የቀለለ ተሳቢ ጌታውን ይገለብጣል።
ከክብደቷ ከዐሥር አንዱን መኪናው ይሸከም፤
አንድ ክንድ ወደ ፊት።"
                         አላልኳትም "አይሆንም"።
ግን ቸኩዬ ነበር። ሞተሯን አስነሥቼ
"ይኸው" አልኩ፣ አንዲት ስንዝር ብቻ አስጠግቼ።

እሷ አላየችኝም። ካቴናውን ስባ
ከምላሱ በታች አመሳቀለችው፣ ልክ እንደ አንቀልባ፤
"መንጠቆው ቢከዳ ይዘለው" አለች፣ "አፈር እንዳይቅም።"
አራቱን ማዕዘን፣ የማሽኗንም ክንድ ለብቻው፣ አጠበቀች በሰንሰለት፣
የመብራቱን ገመድ ሰክታ ከኋላ ቆመች ለመመልከት።
"ርገጥ!" ቀዩ በራ።
"ግራ!" ግራው ጠቀሰ። ቀኙም በተራ።

ሃያ ኪሎሜትር ላይ "ቁም" አለችኝ። ወረደች።
አንዱን ሰንሰለት ላልቶ አገኘች፣ ጠመዘዘች።
"ብረትም እንደ ሰው ነው፣ መንገድ ሲጀምር ነው የሚደላደል።"
እኔ ስለ ስንዝሯ ዝም አልኩ፤ ዝም ያሉት ነገር ግን ይከብዳል።

ቁልቁለቱ መጣ። ኮረት። ነፋስ ከጎን።
በግራው ስፖኪዮ ቢጫ ብቅ አለ፤ ጠፋ፤ በቀኝ ሆነ አሁን።
መኪናው እንደ ውሻ በገዛ ጅራቱ ተመታ፣
እግሬ ወደ ፍሬን ሮጠ።
"ተው! ተወው ፍሬኑን። ነዳጁን ልቀቅ በቀስታ።
መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ አትከራከረው፤ ይለፍ።"
ጮክ አላለችም። እጇን ሰዳ ከዳሽቦርዱ ጫፍ
የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ጨመቀች፣ ጨመቀች፣
ላም እንደሚያልብ ሰው፣ ሳትቸኩል።
                         ቢጫዋ ተወዛወዘች፣
ተወዛወዘች፣ ታከተች፣ ከኋላችን ገባች።

ማንም አልተናገረ።
በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ እየያዘን፣
ለጥ ያለ መሬት እስኪገኝ ወረድን።
ለጎማው ድንጋይ አደረግን። አክስቴ ተሳቢው ላይ ወጣች።
ማሽኗ ጠዋት የቆመችበት ጭቃ ወለሉ ላይ ታትሟል፤
ጣቶቿን ዘረጋች። ለካች። "ስንዝር" አለች።
ሌላ አልጨመረችም። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።
ፈታን። አስነሣሁ። አንድ ክንድ። እንደገና አሠርን፣ በነፋስ ውስጥ፣ እስከ ቀትር።

ከዚያ ወዲህ መኪናው ሌላ መኪና ሆነ፤
ነፋሱ ያው ነበር፣ ጭነቱም ያው፤ መሪው ግን ታመነ።

ዶን ቤልሳሪዮ ማንኬ፣ ደለል ከሞላው ቦይ ዳር፣
ቆቡን በእጁ ይዞ ከረፋድ ጀምሮ ቆሞ ነበር።
"ዘገያችሁ" አለ።
"አዎ፣ ዘገየን" አለች፣ ደስ እንዳላት ሁሉ።
ጓንቷን አውልቃ ጎማዎቹን ዞረች፣ አራቱንም በሙሉ፣
በእጇ ጀርባ እምብርታቸውን እየነካች፦
"ሞቋል። አልፈጀም። ሞቋል። ሞቋል" እያለች።
ስትጨርስ ወደ እኔ መጣች። ያንኑ የእጇን ጀርባ
አንገቴ ላይ አሳረፈች፣
እንደ ጎማ እምብርት፣ ጥቂት ቆየች፣
ምንም ሳትል ሄዳ የኋላውን መወጣጫ አወረደች።