ግራና ቀኝ

ሙያዬ ሴራሚክ፣ አገሬ ኮምቦልቻ፣
ጉልበቴ ያለቀ በሰው ወለል ብቻ፤
ለጀልባ ስጠራ «የምን ወለል?» አልሁኝ፣
ሐይቅ ከተማ ወስደው ጥቅል አሸከሙኝ።

ስፈታው ጣውላ ነው። ስጫነው ጎማ ነው።
ሳሸተው አዲስ ጫማ ነው።
ቡናማ ላይ ቡናማ፣ በየመሀሉ ጥቁር መስመር፣
ዓመት የቆጠረ ግንድ የተሰነጠቀ ይመስል ነበር።
ምሳር ሳይሰማ እንጨት የሆነ እንጨት
አይቼም አላውቅ እስከዚያች ዕለት።

የጀልባዋ ባለቤት ወይዘሮ ጀማነሽ
«ሠርግ አለኝ ቅዳሜ፤ አደራ እንዳታመሽ፤
ፎቶ ሊነሡ ነው ሙሽሮች ከነሚዜ፣
ይኼ የሻገተ ምንጣፍ ይነሣልኝ በጊዜ።»

ሁለት ቀን ሙሉ የአሮጌውን ሙጫ ፋቅሁ።
ከሥሩ የለውዝ ገለባ፣ የዓሣ ቅርፊት፣ የአንድ ጆሮ ጉትቻ አገኘሁ።
ጉትቻዋን ለሽኩር ሰጠሁት፤ ሞተሩ አጠገብ በምስማር ሰቀላት፣
«ባለቤቷ ከመጣች» አለ፣ «እንዳንክዳት።»

ከዚያ ካርቶን አነጠፍሁ፤ ጠርዝ ጠርዙን በእርሳስ ተከተልሁ፣
ኩርባውን፣ ብሎኑን፣ የገመድ ማሰሪያውን ሳይቀር ቀዳሁ።
አባቴ ወረባቦ በር ጠራቢ ነበር፣
ከጽድና ከወይራ ሌላ እንጨት የማይቆጥር፤
«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» ይል ነበር።
አሥር ጊዜ ለካሁ።
ካርቶኑ ሲገለበጥብኝ ግን አላየሁ።

ለግራ ያሰብሁት ለቀኝ ተቆረጠ፤
የጀልባዋ አፍንጫ ወዲህ፣ የጣውላው ወዲያ አፈጠጠ።
ከዱባይ በሜትር ተገዝቶ የመጣ፣
ትርፉ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ምትክ የታጣ።
ሽኩር ወደ ውኃው ዞረ፣ እንዳይስቅብኝ፤
እኔም ወደ ተራራው፣ እንዳያየኝ።
ሁለት ቀኝ ታቅፌ ቀረሁ።
ግራ ገባኝ ይላል ሰው፤
እኔን ግን ግራ ጠፋኝ።

ወይዘሮ ጀማነሽ መጣች። ዝም ብላ ቆመች፤
ቁራጩን አንሥታ በመዳፏ ዳሰሰች፣
ገልብጣ አየችው፣ ጀርባው ነጭ ነው፣
«አልተበላሸም» አለች፤ «ጀልባው ነው የጠፋው።»
ከክፍያህ እቆርጣለሁ አላለች። አልቆርጥም ም አላለች።
ሻርፗን አስተካክላ ሄደች።

ከተራረፈው ቀጣጠልሁ።
ስፌቱን በጥቁሩ መስመር ውስጥ ደበቅሁ፤
የማያውቅ አያገኘውም፣
እኔ ግን በጨለማ በባዶ እግሬ አልስተውም።

ሙጫው ፀሐይ አይወድም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣን፤
ሐይቁ እንፋሎት ይተፋል፣ ጋቢ ደርበን ተንበረከክን።
ከመሀል ወደ ዳር፣ ከመሀል ወደ ዳር፣
ሽኩር በመዳመጫው አየሩን ሲያባርር፣
«ቀስ በል» ስለው፣ «እኔስ ቀስ ብያለሁ፣ ሙጫው ነው የቸኮለ» ይላል፤
እውነቱን ነው፣ እጄ ላይ ደርቋል።
የአሸዋ ጆንያ ጭነን አሳደርነው፤
ያልተነሣ ጠርዝ ሲነጋ ስንፈልግ አንድ ብቻ አገኘን፤ እሱም ሳይሆን የሽኩር ጥላ ነው።

የተሳሳተውን ቁራጭ ዓሣ አጥማጁ ሙህዬ ለመነን።
«ምን ያደርግልሃል?»
«መቀመጫዬ እርጥብ ነው፤ ሌላ ምን ያደርግልኛል?»
የፊላ ታንኳው ላይ በገመድ አሰረው፤
ያን ሁሉ ዘመን ከረጠበው ፊላ ላይ የማይረጥብ እንጨት ሰፈረ።

ቅዳሜ ሙሽራዪቱ ተረከዝ ጫማዋን አወለቀች፣
አንድ እርምጃ ሄዳ ዘለለች፤
«ውይ! እንጨቱ ይፋጃል!» አለች።

እንጨቱ አለች።
ሽኩር ዓይን ዓይኔን አየ።
እኔ በፕላስቲክ ባልዲ ውኃ ቀዳሁና ከእግሯ ሥር አፈሰስሁ፤
ውኃው በጥቁሩ መስመር ተከትሎ፣ በስፌቴ ላይ አልፎ፣ ወደ ግራ ወረደ።

ራቅ ብሎ ሙህዬ መረቡን ይስባል፣
ጀልባ በሌለው ቀኝ ጎን ላይ ተቀምጦ።